ሁለተኛው ቡሃቃ
(በማኅበራችን ዐሥረኛ ዓመት በዓል፣ በስካይላይን የተደረገ ንግግር)





ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከገበታችን የራቀ አይደለም። ዱቄት ተቦክቶ፣ እርሾ ገብቶበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ግን በየሆዳችን ሁለተኛ ቡሃቃ መኖሩን ነው። እርሱም ትልቁ አንጀታችን ነው።

ስኳርና ነጭ ዱቄት አብዛኛው በቀጭኑ አንጀት ተፈጭቶ ወደ ደም ይገባል። ሐኪሞች ፋይበር የሚሉት የጤፍ፣ የምስር፣ የሽንብራና የጎመን አሰር ግን ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ከዚህም በተለይ ሦስት አሲዶች ይገኛሉ፤ አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት። አሴቴት በኮምጣጤ ውስጥ የምናውቀው ነው፤ ቡቲሬትም ስሙን ያገኘው ከቅቤ ነው።

ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ዋና ማገዶ ነው። ፕሮፒዮኔት ወደ ጉበት ይሄዳል፤ አሴቴት ደግሞ በደም ዞሮ ለጡንቻና ለሌላው አካል ጉልበት ይሆናል። ከዚህም በላይ አሲዶቹ አንጀታችን የጥጋብን መልእክት የሚያደርሱ ሆርሞኖች እንዲያመነጭ ያነሣሣሉ። ከእነዚህ አንዱ ጂ.ኤል.ፒ.-1 ሲሆን፣ ስሙ የገነነው ኦዜምፒክ የተባለው መርፌ የተሠራው እርሱን በማስመሰል ነው። አሰር የመርፌውን ያህል ኃይል ባይኖረውም የሚሄድበት መንገድ ተቀራራቢ ነው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለስደተኞች ምናችን ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ ሚኔሶታ የመጡ የሞንግና የካረን ስደተኞችን መርምሮ ነበር። አሜሪካ ከገቡ ወራት ሳይቆዩ የአንጀታቸው ባክቴሪያ መለወጥ ጀመረ፤ አሰር የማብላላት ችሎታውም ቀነሰ። እዚህ በተወለዱት ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ ጎላ ብሎ ታየ።

ተስፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ሌላ ጥናት፣ 20 ጥቁር አሜሪካውያን ለሁለት ሳምንት የደቡብ አፍሪካን የገጠር ምግብ ሲመገቡ ቡቲሬታቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ጨመረ።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንመለስ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙዎቻችን ታክሲ ላይ ወይም በሌሊት ሥራ ላይ ሆነን ያገኘነውን እንጎርሳለን። እንጀራችንም ብዙ ጊዜ ጤፉ አንሶ ነጭ ዱቄቱ የበዛበት ነው። ስለቦካ ብቻ አንተማመንበት፤ እርሾው ምጣድ ላይ ይሞታል። የሆዳችንን ቡሃቃ የሚመግበው የእህሉ አሰር ነው። ስለዚህ ጤፉን እናብዛ፤ ምስሩን፣ ሽሮውንና ጎመኑን ለጾም ቀን ብቻ አንተው። ልጆቻችንንም እናልምዳቸው። በምግብ መጠቅለያ ላይ የሚጻፈው የቀን ልክ 28 ግራም ፋይበር ነው። ሆድ እንዳይነፋ ቀስ በቀስ፣ ከውኃ ጋር እንጨምር። ስኳር ያለብን ደግሞ ሐኪም ሳናማክር መድኃኒታችንን አናቋርጥ።

እርሾ ካልመገቡት ይጠፋል፤ ከመገቡት ለልጅ ልጅ ይተርፋል። የሆዳችንም፣ የማኅበራችንም ነገር እንዲሁ ነው።

ለሚቀጥለው ዐሥር ዓመት በጤና ያድርሰን።