የዘጋቢው ፊትና ከፊቱ ኋላ ያለው መስመር

ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግር ርእስ ከድልድይና ከግድብ፣ ከሞተርና ከኤሌክትሪክ መስመር ራቅ ያለ ይመስል ይሆናል። ስለ ጦር ሜዳ ዘጋቢዎችና በቴሌቪዥን መስኮት ስለሚከታተሏቸው አድናቂዎቻቸው የሚናገር ነው። ዳሩ ግን ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር መሐንዲሱን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ የሚወደው ፊት ወደ ቤቱ የሚገባው መሐንዲስ በዘረጋው መስመር ነውና። መስመሩ የማያሳልፈውን ነገር ደግሞ ዘጋቢው የቱንም ያህል ደፋር ቢሆን ሊያሳየው አይችልም። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጃንዋሪ 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲጀመር አርተር ኬንት የተባለ ካናዳዊ የኤን.ቢ.ሲ. ቴሌቪዥን ዘጋቢ በሳውዲ ዓረቢያ፣ በዳህራን ከተማ ነበር። የኢራቅ ስከድ ሚሳይሎች ወደዚያ በተተኰሱባቸው ሌሊቶች የቆዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከካሜራው ፊት ቆሞ፣ ያየውንና የሰማውን በቀጥታ ሥርጭት ሲናገር አያሌ የአሜሪካ ተመልካቾች አዩት። በጥቂት ጊዜ ውስጥም ሰውየው ራሱ እንደሚዘግበው ጦርነት መነጋገሪያ ሆነ። የአድናቂዎች ደብዳቤ ጐረፈለት፤ መልከ መልካምነቱን ከሚሳይሉ ስም ጋር ያጣመረ፣ በእንግሊዝኛ ቤት የሚመታ «ስከድ ስተድ» የሚል ቅጽል ስምም ወጣለት። ይህ ሁሉ ዝና ግን ለረጅም ጊዜ ከለላ አልሆነውም። በ1992 በባልካን ጦርነት የሥራ ስምሪት ምክንያት ከጣቢያው ጋር ተከራክሮ ከሥራው ተሰናበተ፤ ክስ አቅርቦም ጉዳዩ በ1994 በስምምነት ተዘጋ።

እንዲህ ያለው አድናቆት ከምን ይመነጫል? መልሱ ከሰው ልጅ ጥንታዊ ልማድ የራቀ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከጦር ሜዳ የመጣ መልእክተኛ አስቀድሞ የሚጠየቀው «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ተብሎ ነበር። ያየ ሰው ቃል ከሰማ ሰው ቃል ይበልጥ ይከበራል። ቴሌቪዥን ደግሞ ያየውን ሰው ራሱን፣ ገና ባየበት ስፍራና ባየበት ሰዓት፣ ከነላቡና ከነድንጋጤው አምጥቶ ሳሎን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ተመልካቹም በየምሽቱ የሚያየውን ፊት እንደ ቤተ ዘመድ ይለምደዋል፤ ሲዘገይ ይጨነቅለታል፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የእርሱን ቃል ያምናል። ይህ የሚያስቅም የሚያስነቅፍም አይደለም። የዘጋቢዎቹ ድፍረት እውነተኛ ነውና። ጥያቄው ሌላ ነው። በስፍራው የተገኘ ሰው ፊት ሰውየው በስፍራው መገኘቱን ያረጋግጣል። ከበስተኋላው በሰማዩ ላይ የሚፈነዳው ብርሃን ምን እንደሆነ ግን ያረጋግጣልን?

ወደዚህ ጥያቄ ከመድረስ በፊት መስመሩን መመልከት ይገባል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የተነሣው ፊልም በአብዛኛው በአውሮፕላን ተጭኖ፣ ታጥቦና ተቈርጦ ለተመልካች እስኪደርስ ድረስ ቀናት ያልፉ ነበር። በኤፕሪል 1965 ኧርሊ በርድ የተባለችው የመገናኛ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንድትሆን ከተላከች ወዲህ ግን መንገዱ እየተለወጠ ሄደ። የሬዲዮ ሞገድ ወደ እንደዚህ ያለ ሳተላይት ወጥቶ እስኪመለስ አንድ አራተኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከስቱዲዮ የተጠየቀ ጥያቄ ደርሶ መልሱ እስኪሰማ ድረስ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰከንድ ያልፋል። አድናቂው ይህን ዝምታ የዘጋቢው እርጋታና አስተዋይነት አድርጎ ሊተረጕመው ይችላል። የብርሃን ፍጥነት ልክ መሆኑን የሚያውቀው መሐንዲሱ ነው። ምሳሌው ትንሽ ቢሆንም የመስመሩ ጠባይ የሰውየው ጠባይ ሆኖ እንደሚታይ በግልጽ ያመለክታል።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ በባግዳድ ታይቷል። በጃንዋሪ 17 ቀን 1991 ሌሊት የአየር ድብደባው ሲጀመር በርናርድ ሾው፣ ፒተር አርኔትና ጆን ሆሊማን የተባሉ ሦስት የሲ.ኤን.ኤን. ዘጋቢዎች ከአል ራሺድ ሆቴል መስኮት ያዩትን ለዓለም ተናገሩ። በዚያው ከተማ የሌሎች ጣቢያዎች ዘጋቢዎችም ነበሩ። የእነርሱ ስልክ ግን የከተማው የመገናኛ አውታር ሲመታ ጠፋ። የሲ.ኤን.ኤን. ድምፅ ያልተቋረጠው አስቀድሞ በተከራየው ባለ አራት ሽቦ መስመር ምክንያት ነበር። ይህ መስመር በተራው የስልክ ማዞሪያ በኩል ሳያልፍ ወደ ዮርዳኖስ ዋና ከተማ ወደ አማን፣ ከዚያም በሳተላይት ወደ አትላንታ የሚደርስ ነበር። በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓቶች ተመልካቹ በቀጥታ የሰማው ድምፅ ብቻ ነው፤ የጦርነቱ ምስል አልነበረም። ሆኖም የሦስቱ ሰዎች ስም በዓለም ሁሉ ታወቀ፤ በ1980 የተቋቋመው ጣቢያቸውም ከታላላቆቹ ጐን ተሰለፈ። ድፍረቱ የሁሉም ነበር። በመጨረሻ ልዩነቱን ያመጣው ሽቦው ነው።

አሁን ወደ ዳህራን ሰማይ እንመለስ። በዚያ ወራት የቴሌቪዥን ተመልካች በየምሽቱ የሚያየው ትርኢት አንድ ዓይነት ነበር። ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፤ ፓትሪዮት የተባለው ፀረ-ሚሳይል እሳት እየተፋ ይወጣል፤ በሰማዩ ላይ ብልጭታ ይታያል፤ ከታች የቆመው ዘጋቢም ዓይኖቹ ያዩትን በቅንነት ይናገራል። ብልጭታ የታየ እንደሆነ የመጣው ሚሳይል ወደቀ ተብሎ ታመነ። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1991 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ፓትሪዮት በተሠራበት ፋብሪካ ተገኝተው ከ42 ስከዶች 41ዱ መጠለፋቸውን ተናገሩ።

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 25፣ አንድ ስከድ ዳህራን ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ባደሩበት ሕንፃ ላይ ወድቆ 28 ሰዎች ገደለ። በዚያ ሌሊት ከስፍራው የነበረው የፓትሪዮት ምድብ አንድም ሚሳይል አልተኰሰም። ምክንያቱ በኋላ ሲመረመር ለማንኛውም መሐንዲስ ሊገባ የሚችል ሆኖ ተገኘ። የመሣሪያው ኮምፒዩተር ሰዓትን በዐሥረኛ ሰከንድ ይቈጥር ነበር። አንድ ዐሥረኛ በሁለት አኃዝ ብቻ በሚጻፍ የቍጥር ሥርዓት ማለቂያ የለውም፤ በ24 የአኃዝ ቦታ ላይ ሲቈረጥ በእያንዳንዱ ዐሥረኛ ሰከንድ 0.000000095 ሰከንድ ያህል ይጐድላል። መሣሪያው ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ በመሥራቱ ጕድለቱ ተጠራቅሞ ወደ 0.34 ሰከንድ ደረሰ። በሰከንድ 1,676 ሜትር የሚጓዝ ሚሳይል በዚህ ጊዜ ውስጥ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ራዳሩ የመጣውን ሚሳይል የሌለበት ቦታ ፈለገው። ስሕተቱ ቀደም ብሎ ታውቆ የታረመው ፕሮግራም በጕዞ ላይ ነበር፤ ዳህራን የደረሰው ግን በፌብሩዋሪ 26፣ ከአደጋው በማግስቱ ነው።

የቀሩት ብልጭታዎችስ? ቴዎዶር ፖስቶል የተባሉ የኤም.አይ.ቲ. ሊቅ ከሥራ ጓደኛቸው ከጆርጅ ሌዊስ ጋር ሆነው የመረመሩት ሚስጥራዊ ሰነድ አልነበረም፤ ተመልካቹ ሁሉ ያያቸውን እነዚያኑ የቴሌቪዥን ቴፖች ነበር። ምስሎቹን አንድ በአንድ እያቆሙ ሲያዩ ከብልጭታው በኋላ የስከዱ የጦር ራስ ወደ ምድር ሲወርድና ሲፈነዳ ተመለከቱ፤ ፓትሪዮት በትክክል ያወደማቸው ሚሳይሎች እጅግ ጥቂት ምናልባትም ምንም እንዳልሆኑ ገለጡ። ሌሎች ይህን ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም ባዶ አልነበረም። በሰከንድ 30 ምስል በሚያነሣ ካሜራ በሁለት ምስሎች መካከል ስከዱ ወደ 56 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ወሳኙ ቅጽበት በሁለቱ መካከል ሊሰወር ይችላል። በሌላ በኩል የአሜሪካ ምክር ቤት የምርመራ መሥሪያ ቤት በ1992 ባወጣው ዘገባ፣ የጦር ራሱ መውደሙን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ከፓትሪዮት ግጥሚያዎች ወደ 9 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ መሆኑን ገለጸ። እንግዲህ ከ42 41 ተብሎ የተጀመረው ቍጥር በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ወደዚህ ወረደ። በዚህ መካከል ዘጋቢው አልዋሸም፤ ካሜራውም አልዋሸም። የተሳሳተው ብልጭታውን እንደ ልኬት የቈጠረው እምነት ነው።

ከፊቱ ኋላ ያለው ግን መስመርና መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ሰውም አለ። በኦክቶበር 1984 በቢ.ቢ.ሲ. የተላለፈውና የኮረምን ረኃብተኞች ለዓለም ያሳየው ዘገባ ለእንግሊዝ ተመልካች የማይክል በርክ ድምፅ ነው፤ ምስሉን ያነሣው ግን ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነበር። ይኸው ሰው በጁን 1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ በሥራ ላይ ሳለ ግራ ክንዱን አጣ፤ ድምፅ የሚቀዳለት የሥራ ጓደኛው ጆን ማታይ በዚያው ሞተ። አሚን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጥሞ ወደ ካሜራው ተመለሰ፤ በኖቬምበር 1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ እስካለፈ ድረስም ሠራ። አሚንን ብዙዎች ያውቁታል። ማታይን ግን ስንቱ ተመልካች ያስታውሰዋል? የድምፅ ሠራተኛ አድናቂ የለውም።

መሣሪያው ሲራቀቅም በሰው ላይ የሚያሳርፈው ሸክም አልቀነሰም። በ2003 የኢራቅ ጦርነት የኤን.ቢ.ሲ. ዘጋቢ ዴቪድ ብሉም የተበላሹ ታንኮችን በሚጐትት ከባድ ተሽከርካሪ ላይ ሆኖ እየተጓዘ ዘገበ። ንዝረት እንዳያናውጠው በጂሮስኮፕ የተደገፈው ካሜራ ምስሉን በማይክሮዌቭ ከኋላ ወደሚከተለው መኪና ይልካል፤ መኪናው ደግሞ ወደ ሳተላይት ያሳልፈዋል። በበረሓ ላይ የሚገሠግስ ሠራዊት እንዲህ ባለ ጥራት በቀጥታ ሲታይ ተመልካቹ ተደነቀ፤ ብሉምን በየዕለቱ የሚከታተለውም በዛ። በኤፕሪል 6 ቀን 2003 ግን የ39 ዓመቱ ዘጋቢ በእግሩ ሥር የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ሞተ። የሞተው በጥይት አልነበረም፤ በጠባቡ ተሽከርካሪ ውስጥ እግሩን አጥፎ ሲያድር መሰንበቱ ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ነው። ያልተቋረጠ ሥርጭት በመስመሩ ጫፍ ላይ ያልተቋረጠ ሰው ይጠይቃል።

በመጨረሻም መስመር ፈጽሞ የሌለበት ጦርነት አለ። በኖቬምበር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ሲነሣ በትግራይ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ፤ በኖቬምበር 2022 የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከተፈረመበት ድረስ ባለው ጊዜ በአብዛኛውም እንደተዘጋ ቈየ። ወደ ስፍራው የገቡት ዘጋቢዎችም ጥቂቶች ነበሩ። በዚህ ጦርነት ላይ በየምሽቱ የሚጠበቅ ፊት፣ ደብዳቤ የሚጐርፍለት ዘጋቢ አልነበረም። በአዲስ አበባና በመቐለ፣ በዋሽንግተንና በሪያድ የነበረ ኢትዮጵያዊ የእናቱን ድምፅ ወይም የወንድሙን ወሬ ለወራት ሲጠባበቅ ባዶውን ቦታ የሞላው ምንጩ የማይታወቅ ወሬ ነው። አበው «ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው» ያሉት እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው። ዓለም የትኛውን ጦርነት እንደሚያይና የትኛውን እንደማያይ የሚወስነው የሰቈቃው መጠን ብቻ አይደለም። የሽቦና የሞገድ መኖርና አለመኖር፣ የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣንም ይወስነዋል። ያ ማብሪያና ማጥፊያ ደግሞ በመሐንዲስ እጅ የሚሠራ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ተመልካች ዘጋቢን ማድነቁን ይተው የሚል አይደለም። ሕይወቱን አሳልፎ ለሚሰጥ ምስክር አድናቆት ይገባዋል። ነገር ግን የዚህ ማኅበር አባል በቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጥ ከሌላው ተመልካች የሚለይበት አንድ ግዴታ አለበት። ምስሉ በየትኛው መንገድ እንደመጣና መንገዱ ምን እንደሚያስቀር ያውቃልና፣ ይህንኑ ለቤተሰቡና ለጐረቤቱ ሊያስረዳ ይገባል። ካሜራውንና ድምፁን የያዙት እነማን እንደሆኑ ይጠይቅ። ብልጭታ ሲታይ ልኬቱ እስኪመጣ ይታገሥ። መስመር ሲቋረጥ ደግሞ፣ ከዚያ ጫፍ ያለው ዝምታ ሰላም ነው ብሎ ከመደምደም የመጀመሪያው የሚጠነቀቅ እርሱ ይሁን።

በዳህራን 28 ሰዎችን ያስገደለው ስሕተት በቴሌቪዥን መስኮት ሊታይ የሚችል አልነበረም፤ በሰባተኛው የአኃዝ ቦታ አካባቢ ተሸሽጎ ነበር። እንዲህ ያለውን ቦታ የሚመለከት ዓይን ያለው ባለሙያ በሚያደንቀው ፊት ብቻ ረክቶ ቢቀመጥ፣ ሌላ የሚመለከተው አይኖርም።