ተማሪውን ከሱስ ለመጠበቅ የሚሰጠው ትምህርት ከዘመኑ ጋር ይራመድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በክበባችን ስም የተነገረ)



 በዓል የሚከበረው ያለፈውን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውንም ለማሰብ ነው። ስለዚህ እኛ የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ክበብ አባሎች ለዛሬው ንግግራችን አንድ ጥያቄ መርጠናል። ይኸውም፦ ተማሪውን ከጫት፥ ከሺሻ፥ ከመጠጥና ከትንባሆ ለመጠበቅ በትምህርት ቤት የሚሰጠው ምክር፥ ወጣቱ ዛሬ በእውነት ከሚያጋጥመው ነገር ጋር እንዴት ይስተካከል? የሚል ነው። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደው ትምህርት ይህን ይመስላል። በዓመት አንድ ጊዜ ተማሪው በሰልፍ ሜዳ ይሰበሰባል፤ አንድ የተከበረ እንግዳ ይመጣል፤ የዕፆቹን ስም ይዘረዝራል፤ የሚያመጡትን በሽታ ያስረዳል፤ የሚያስፈራ ሥዕል ያሳያል፤ በመጨረሻም «ልጆች ሆይ፥ ተጠንቀቁ» ብሎ ይሄዳል። ይህ በቅን ልብ የሚደረግ ሥራ ስለ ሆነ ማንም ሊንቀው አይገባም። ነገር ግን ቅን ልብ ብቻውን ፍሬ አያፈራም። ዘሩ በቅሎ እንደ ሆነ ገበሬ እርሻውን ተመልሶ እንደሚያይ፥ እኛም ምክሩ ውጤት አምጥቶ እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

ይህን ምርመራ በሰፊው ካደረጉት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በ1983 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ከተማ ፖሊሶች ወደ ክፍል እየገቡ ሕፃናትን ስለ ዕፅ የሚያስተምሩበት «ዴር» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። ፕሮግራሙም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአገሪቱ እጅግ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። ወላጆች ወደዱት፤ መምህራን ደገፉት፤ ብዙ ገንዘብም ወጣበት። ይሁን እንጂ ተመራማሪዎች ፕሮግራሙን የተማሩትን ልጆች ካልተማሩት ጋር ለዓመታት ሲያስተያዩ በዕፅ አጠቃቀማቸው ረገድ የሚያረካ ልዩነት አላገኙም። በ2003 ዓ.ም. የአገሪቱ መንግሥት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ጥናቶቹን መርምሮ ይህንኑ አረጋገጠ። የፕሮግራሙ መሪዎች ግን ተስፋ ቈርጠው አልተዉትም፤ በ2009 ዓ.ም. የቀድሞውን ትምህርት ለውጠው ውሳኔ መስጠትንና እምቢ ማለትን በተግባር የሚያለማምድ ሌላ ትምህርት ተቀበሉ። ትልቅ ድርጅት ዘዴውን ለመለወጥ ካላፈረ፥ የእኛ ትምህርት ቤት የሚያፍርበት ምክንያት የለም።

ማስፈራራት ለምን አይበቃም? ምክንያቱ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መምህሩ «ጫት የቃመ ያብዳል» ብሎ ይነግረናል። በማግሥቱ ግን ትናንት የቃመው ጓደኛችን ደኅና ሆኖ ክፍል ይገባል፤ ይሥቃል፤ ኳስም ይጫወታል። ያን ጊዜ ተማሪው የተነገረው ሁሉ ሐሰት ይመስለዋል፤ እውነተኛውንም ምክር ከተጋነነው ጋር አብሮ ይጥለዋል። ሁለተኛም ፈተናው የሚመጣው «አደንዛዥ ዕፅ» የሚል ስም ይዞ አይደለም። የሚመጣው በወዳጅ አፍ ነው፤ «ና እንጂ፥ አንድ ቀን ነው፤ አብረን እናጥና» ተብሎ ነው። ለዚህ ግብዣ ምን ብለን እንደምንመልስ ግን ማንም አላስተማረንም።

ሦስተኛው ምክንያት የዛሬው ንግግራችን ዋና ነገር ነው። ትምህርቱ በአንድ ስፍራ ቆሞ ሳለ ነገሩ ይሮጣል። ለዚህም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፥ ወጣቶች «ቬፕ» የሚሉት፥ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሲጋራ ማጨስ እየቀነሰ ስለ ሄደ ሁሉም ተደስቶ ነበር። ነገር ግን ፍላሽ ዲስክ የሚመስል፥ ጭሱ የማይከረፋ፥ የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ትንሽ ዕቃ በተማሪዎች ኪስ ገባ። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል በወሩ ውስጥ የተጠቀሙበት በ2017 ዓ.ም. ከመቶ 12 ያህል ነበሩ፤ በ2018 ዓ.ም. ከመቶ 21 ያህል ሆኑ። ብዙዎቹም ጣዕም ብቻ እንጂ ሱስ የሚያስይዘውን ኒኮቲን እንደሚስቡ አያውቁም ነበር። ስለ ሲጋራ የተማሩት ትምህርት ይህን ዕቃ በስሙ ስላልጠራው «ይህ እኮ ሲጋራ አይደለም» አሉ። በኋላ መምህራን፥ ወላጆችና መንግሥት ነቅተው በብዙ መንገድ ስለ ሠሩ በ2024 ዓ.ም. ቍጥሩ ከመቶ 8 ያህል ወረደ። ከዚህ የምንማረው፥ የሚዘገይ ትምህርት ብዙ ልጆችን እንደሚያስከፍል፥ የሚነቃ ትምህርት ግን እንደሚመልሳቸው ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆና አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሺሻንና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን መሸጥም ከልክሏል፤ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይነገር አድርጓል። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን የተከለከለው ነገር በሬዲዮ ባይነገርም በእጅ ስልካችን ላይ ያለ ከልካይ ይታያል፤ ሲያጨሱና ሲጠጡ ራሳቸውን የሚቀርጹ ወጣቶችን በቲክ ቶክ በየቀኑ እናያለን። ለሕመም የተሠሩ እንክብሎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መዋጥም እንደ ጨዋታ ሲወራ እንሰማለን።

ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ ጫት በግልጽ እንናገር። ጫት በአገራችን በሕግ የተከለከለ አይደለም፤ ለብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ ነው፤ ወደ ውጭ አገርም ተልኮ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ከወላጆቻችንም መካከል የሚቅሙ አሉ፤ እነርሱን ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንናገረው ስለ ተማሪው ነው። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ነገር አለ፤ ሊቃውንት በ1975 ዓ.ም. ለይተው አውቀውታል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኀይሉ ስለሚቀንስ ነው ነጋዴዎች በኮባ ጠቅልለው ወደ ገበያ የሚያጣድፉት። ተማሪ ወደ ጫት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለቅንጦት አይደለም፤ ብሔራዊ ፈተና ሲደርስ «እንቅልፍ ያባርርልኛል» ብሎ ነው። እውነትም ያባርራል። ነገር ግን ያነበብነውን በአእምሮ የሚያጸናው ያው የተባረረው እንቅልፍ ነው። በምርቃናው ጊዜ ሁሉ የገባን ይመስለናል፤ በማግሥቱ ግን ድካምና ድብርት ይመጣል። ምርቃናውን ለመስበርም «ጨብሲ» ተብሎ መጠጥ ይጨመራል፤ በበርጫው መካከል ሺሻና ሲጋራ ይዞራል። እንዲህ ለጥናት የተጀመረው አንድ ቅጠል አራት ሱስ ይዞ ይገባል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ ነገር በሁለት መንገድ ይስማማል።

እንግዲህ የሚሠራው መንገድ የትኛው ነው? የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል መሥሪያ ቤትና የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ባሳተሙት መመሪያ ማስፈራራትና ዕውቀት መዘርዘር ብቻውን ውጤት እንደማያመጣ ገልጸዋል፤ ተማሪውን በውይይትና በልምምድ የሚያሳትፍ ትምህርት ግን እንደሚረዳ አመልክተዋል። በሰባት የአውሮፓ አገሮች የተሞከረ 12 ትምህርቶች ያሉት ፕሮግራምም ልጆቹ በቡድን ሆነው እምቢ ማለትን እንዲለማመዱ፥ «ሁሉም ያደርገዋል» የሚለውንም የተሳሳተ አሳብ በእውነተኛ ቍጥር እንዲያርሙ አድርጎ፥ ዘወትር ማጨስንና መስከርን ለመቀነስ ችሏል። ይህ የቍጥር ነገር ቀላል አይደለም። በአገራችን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በተደረገ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች ትንባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። «የማያጨስ የለም» እያለ ጓደኛውን የሚጎትት ተማሪ ይህን ቍጥር ቢሰማ ምን ይመልስ ይሆን?

ሌላው ምሳሌ አይስላንድ ናት። በ1998 ዓ.ም. በዚያች አገር ከ15 እና ከ16 ዓመት ልጆች መካከል በወሩ ውስጥ የሰከሩት ከመቶ 42 ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5 ብቻ ሆኑ። በየቀኑ የሚያጨሱትም ከመቶ 23 ወደ ከመቶ 3 ወረዱ። ያደረጉት ምሥጢር አልነበረውም። ልጆቹን ስማቸውን ሳያስጽፉ በየጊዜው ይጠይቋቸዋል፤ መልሱን ሳይዘገዩ ለየትምህርት ቤቱና ለየወላጁ ይመልሳሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸው በማታ የሚገቡበትን ሰዓት ተስማምተው ያስከብራሉ፤ ልጆቹም ከትምህርት በኋላ ኳስ፥ ሙዚቃና ልዩ ልዩ ሥራ እንዲያገኙ ገንዘብ ይመደባል። አይስላንድ ጥቂት ሕዝብ ያላት ባለጸጋ አገር ስለ ሆነች ሁሉንም እንቅዳ አንልም። መጠየቅና መስማት ግን ሀብት አይፈልግም።

ስለዚህ በዚህ የበዓል ቀን አራት ነገሮችን በትሕትና እንለምናለን።

አንደኛ፤ በየዓመቱ በመስከረም ወር ተማሪዎች ስማቸውን ሳይጽፉ የሚመልሱት አጭር መጠይቅ ይሰጥ። ምን እንደሚያጋጥማቸው፥ በየት፥ በስንት ሰዓት፥ በማን እንደሚጋበዙ ይጠየቁ። የዓመቱም ትምህርት በዚህ መልስ ላይ ይመሥረት። ያን ጊዜ ትምህርቱ ከዘመኑ ወደ ኋላ አይቀርም።

ሁለተኛ፤ የዓመት አንድ ቀን ንግግር ቀርቶ በክፍል መምህሩ መሪነት በየሁለት ሳምንቱ አንድ ልምምድ ይደረግ። አንዱ ተማሪ ጋባዥ፥ አንዱ ተጋባዥ ሆኖ ይነጋገር። «ፈተና ደርሷል፥ ዛሬ እንቃም» ላለው ጓደኛ «ለእኔ የሚገባኝ በጠዋት ነው፤ ነገ በ1 ሰዓት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኝ» ብሎ ወዳጅነትን ሳያፈርስ መመለስን ይልመድ። ይህም እንደ ሒሳብ በመደጋገም የሚገኝ ችሎታ ነው።

ሦስተኛ፤ ባዶው ጊዜ ይሞላ። በፈረቃ የምንማር ተማሪዎች ግማሽ ቀን ያለ ሥራ እንቀራለን፤ የሚጠብቀንም በር ላይ ያለው ጫት ቤት ነው። ቤተ መጻሕፍቱና የኳስ ሜዳው ከሰዓት በኋላም ቢከፈቱልን፥ የፈተና ሰሞንም መምህራን የጥናት ሰዓት ቢያወጡልን፥ ብዙው ግብዣ መልስ ሳያስፈልገው ይቀራል።

አራተኛ፤ የወደቀው ተማሪ አይጣል። ጫት ሲቅም ወይም ሲያጨስ የተገኘ ልጅ ወዲያው ከትምህርት ቤት ቢባረር ሥርዐት የተከበረ ይመስላል። ነገር ግን ልጁን የሚቀበለው ያው የሸሸነው ቤት ነው፤ ሌሎቹም ጓደኞቻቸው ሲታመሙ እንዳያባርሩባቸው ፈርተው ይደብቋቸዋል። ሱስ ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ሕሙማን ይታከማሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ወላጅ ይጠራ፥ ምክር ይሰጥ፥ ለሕክምናም ይላክ፤ ለሌላው የሚሸጥ ቢገኝ ግን በሕግ ይጠየቅ። ደብቀን የምናጣቸውን ጓደኞች ተናግረን እናተርፋቸው ዘንድ በሩን ክፈቱልን።

የተወደዳችሁ ወላጆች ሆይ፤ ከእናንተ የምንለምነው ከዚህ ያነሰ ነው። «የት ነበርህ? የት ነበርሽ?» ስትሉን በቍጣ ብቻ አይሁን፤ መልሱን ለመስማት ጥቂት ቁጭ በሉልን። የጓደኞቻችንን ወላጆች ዕወቋቸው፤ የመግቢያ ሰዓታችንንም ተነጋግራችሁ ወስኑ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደ ተባለው፥ አንድ ቤት ብቻውን የማይችለውን አንድ ሰፈር ይችለዋል።

እናንተም ጓደኞቻችን ሆይ፤ ይህ ሥራ የመምህራንና የወላጆች ብቻ አይደለም። ግብዣው የሚመጣው ከእኛው አፍ ስለ ሆነ መልሱም ከእኛው አፍ መውጣት አለበት። የመጀመሪያው መጠይቅ የፊታችን መስከረም እንዲሰጥ ክበባችን ወረቀቱን ለማዘጋጀትና ለመደመር ዛሬ በፊታችሁ ቃል ይገባል። ከእናንተም የምንፈልገው እውነተኛውን መልስ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ጤናማና አስተዋይ ትውልድ ያፍራ።