ልምምድ ያለ ደመወዝ፣ ደመወዝ ያለ ትምህርት
(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የሲቪል ምሕንድስና ቴክኖሎጂ ተማሪ በሥራ ላይ ልምምዱ ጊዜ ደመወዝ ሊከፈለው ይገባልን?» የሚል ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ አዎን፣ ይገባዋል። ነገር ግን ደመወዙ ከትምህርትና ከግዴታ ጋር ተያይዞ ካልመጣ ለተማሪውም ለአገሩም እንደማይበጅ አብሬ ላስረዳ እወዳለሁ።

አስቀድመን የምንኖርበትን አገር እንመልከት። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ በደጋ መሬት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምት በገባ ጊዜ ውሃው ቁልቁል ሲወርድ፣ ቦይ ያልተበጀለት መንገድ በጥቂት ዓመት ውስጥ ገደል ይሆናል። ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዶዮገና የተጓዘ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቶታል። በሐዲያና በከምባታ ሕዝቡ የተጠጋጋ፣ የእርሻው መሬት ጠባብ ስለ ሆነ ከተሞቹ በየጊዜው ይሰፋሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተቋቁሞ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫው ሆናለች። እንግዲህ መንገድ፣ የውሃ መሥመር፣ ትምህርት ቤትና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ባለሙያ ከምን ጊዜም ይልቅ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ በመንገድ የቀሩትንም እናውቃለን። በከተማችን ካሉት ፎቆች ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች በላኩት ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ሲመጣ፣ ሕንፃውን በሚገባ ሊሠራ የሚችለው የአገሩ ልጅ ግን ዲፕሎማውን ይዞ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አምጣ» እየተባለ ይመለሳል። ልምድ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት ልምድ ይጠየቃል። ከዚህ ቀለበት መውጫ ያጣ ወጣት ዓይኑን ወደ ስደት ቢያዞር ልንፈርድበት እንችላለንን?

ቀለበቱን ለመስበር የሚያስችለው አንዱ መንገድ በትምህርት ዘመን የሚደረግ እውነተኛ ልምምድ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ ኮንክሪት እንማራለን፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍ ጥንካሬው እንደሚቀንስ፣ የናሙናው ጥንካሬ በ28ኛው ቀን እንደሚለካ፣ ከተሞላ በኋላም ለቀናት ውሃ መጠጣት እንዳለበት በቃላችን እንይዛለን። በግንባታው ቦታ ግን ሠራተኛው ድብልቁ እንዲቀልለው ብሎ አንድ ባልዲ ውሃ ይጨምራል፤ ስታፋው ይራራቃል፤ ጠጠሩ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ያን ጊዜ ከአባቱ ዕድሜ ጋር የሚስተካከለውን ፎርማን በአክብሮት «ጋሼ፣ ይህ ውሃ በዛ» ብሎ ለመናገርና ምክንያቱን ለማስረዳት መቻል ከመጽሐፍ አይገኝም። ከግንበኛው ዘንድም ቱምቢ አያያዝን፣ ድንጋይ አመራረጥን መማር የሚቻለው አብሮ በመዋል ነው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1906 እ.ኤ.አ. ኸርማን ሽናይደር የተባለ የሲቪል መሐንዲስ በአሜሪካ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ 27 ተማሪዎችን ይዞ ሥራና ትምህርትን የሚያፈራርቅ ሥርዓት ጀመረ። ተማሪዎቹ በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን በክፍል ሲቀመጥ ሌላው በፋብሪካ እየሠራ ደመወዙን ይቀበል ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲም ከመነሻው ይህንኑ ሥርዓት ይዞ ተነሣ።

በአገራችንም ቢሆን መነሻ አለን። በ1947 ዓ.ም. ከስዊድን ጋር በመተባበር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ትምህርትን ከግንባታ ተግባር ጋር ያስተባበረ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ ወጥተው፣ አብዛኞቹ በአስተማሪነት፣ ለኑሮአቸው መጠነኛ አበል እየተቀበሉ እንዲያገለግሉ ያደረገ ነው። ዛሬም በዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት የልምምድ ጊዜ አለ፤ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የትብብር ሥልጠና የሚባል ሥርዓት ተደንግጓል። የጎደለው ሥርዓቱ ሳይሆን የተማሪው መተዳደሪያ ነው። ክፍያው በአብዛኛው በተቀባዩ ድርጅት በጎ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ከዚህ የሚመጣውን አድልዎ አስቡት። ሥራው በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ቢገኝ፣ በዚያ አጎት ወይም አክስት ያለው ተማሪ ይሄዳል። የቤት ኪራይና የምግብ የሚከፍልለት የሌለው፣ ወላጆቹ በጓሮ እንሰትና በጥቂት ጥማድ መሬት የሚኖሩት ግን፣ በቅርብ ወዳገኘው ጽሕፈት ቤት ገብቶ ወረቀት ሲያመላልስ ወራቱ ያልፋል። በመጨረሻም ሁለቱ አንድ ዐይነት ማስረጃ ይዘው ይመረቃሉ፤ ቀጣሪው ሲጠይቃቸው ግን ልዩነታቸው ይገለጣል። ያለ ደመወዝ የሚደረግ ልምምድ ለሁሉ እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሲነሡ ሰምቻለሁ።

አንደኛው «ተማሪ ገንዘብ ከቀመሰ ትምህርቱን ይተዋል» የሚል ነው። እኔ ግን ከጥቅሙ ይልቅ በችግር ትምህርቱን የሚያቋርጠው እንደሚበዛ አምናለሁ። ደመወዙም ምግብና መኝታ የሚሸፍን መጠነኛ እንጂ የሚያማልል አይሆንም።

ሁለተኛው «ሥራ ተቋራጩ ምን አተረፈና ይከፍላል?» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። አሠሪው ክፍያ በሚከፍልበት ጊዜ ግን ተማሪውን እንደ እንግዳ አያስቀምጠውም፤ ልኬት ያስወስደዋል፣ የብረት ቆረጣ ዝርዝር ያዘጋጅለታል፣ የዕለቱን የሥራ መዝገብ ያስይዘዋል። ነገም የሚቀጥረውን ሰው አስቀድሞ ይመዝንበታል። ወጪውን ማዘጋጃ ቤቱ፣ የውሃና የመንገድ መሥሪያ ቤቶች፣ ሥራ ተቋራጮችም ቢካፈሉት ሸክሙ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ «የሚከፈለው ተማሪ ርካሽ የቀን ሠራተኛ ይሆናል» የሚለው ነው። ይህ ሥጋት እውነት ነው። ወራቱን ሁሉ አሸዋ ሲያመላልስ ቆይቶ መዝገቡ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ የሚፈረምለት ተማሪ፣ ኪሱ ጥቂት ቢሞላም አእምሮው ባዶውን ተመልሷል። አካፋ መያዝ ነውር አይደለም፤ መሐንዲስ ሊሆን የሚሻ ሰው የአካፋውን ክብደት ማወቅ አለበት። ከአካፋው ሌላ ምንም ሳያይ መመለሱ ግን ከትምህርት ዘመኑ መሰረቅ ነው። ስለዚህ «ክፈሉን» ስንል «አስተምሩን» የሚለውንም በዚያው ድምፅ እንበል።

እንግዲህ ለኅብረቱ የማቀርባቸው አሳቦች እነዚህ ናቸው።

1ኛ/ ኮሌጁ፣ አሠሪውና ተማሪው የሚፈርሙበት የሦስትዮሽ ውል ይዘጋጅ፤ ደመወዙ፣ የሥራው ሰዓትና የሚማረው የሥራ ዐይነት ተለይቶ ይጻፍበት።

2ኛ/ ተማሪው ከቁፋሮና ከመሠረት ጀምሮ እስከ ልኬትና እስከ ክፍያ ሰነድ ዝግጅት ድረስ በየተራ እንዲዘዋወር ይደረግ።

3ኛ/ መዝገቡ በየሳምንቱ ይፈረም፤ መምህሩም ተማሪውን በሥራው ቦታ ላይ ይጎብኘው። ለመምህራኑ መጓጓዣ ሳይታሰብ ጉብኝት መጠየቅ ግን ፍርድ አይሆንም።

4ኛ/ የራስ ቁርና ጫማ፣ አደጋ ቢደርስም የሕክምና ዋስትና በውሉ ይግባ። ከመወጣጫ እንጨት ላይ የወደቀ ተማሪ የማን እንደ ሆነ ከወደቀ በኋላ መከራከር አይገባም።

5ኛ/ ለእኅቶቻችን ደኅንነቱ የተጠበቀ ማደሪያና አቤቱታቸውን የምትሰማ ኃላፊ ትመደብ። ሴት ተማሪ ከግንባታው ቦታ ወደ ጽሕፈት ቤት የምትመለሰው ሥራው ከብዷት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ማደሪያ አጥታ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን እንዲፈጸም አልጠብቅም። ነገር ግን በዚሁ ዓመት አምስት አሠሪዎችን ብናገኝና ውሉን በጥቂት ተማሪዎች ብንሞክረው፣ ለሚመጣው ዓመት በእጃችን የምናሳየው ማስረጃ ይኖረናል። በአካባቢያችን ጎረቤት በደቦ ተጠርቶ ቤት ሲሠራ፣ የተጠራው ሰው ሳይበላ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ አብሮ የመጣውም ልጅ ምሰሶ አተካከልን አይቶ ይመለሳል። እኛም የምንጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሠርተን እንብላ፣ እየሠራንም እንማር።

አሳቡ ለድምፅ እንዲቀርብ እየጠየቅሁ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።