ለቤት ፕላን የሚከፈለው ዋጋ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ)



ባለፈው ስብሰባ ከአባላት ደጋግሞ የቀረበው ጥያቄ «ቤት ልንሠራ ስንነሣ ፕላን የሚነድፍልን ሰው ስንት ብር ቢጠይቀን ነው ተገቢ የሚሆነው?» የሚል ነበር። እኛም ይህን እንድናጣራ ተመርጠን፥ ቤት ያሠሩትንም የሚነድፉትንም ጠይቀን፥ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። «ይህን ያህል ብር ነው» የሚል መልስ ግን አልያዝንም። ለምን እንዳልያዝን እናስረዳለን።

በእኛ በማንኩሳም ሆነ በዙሪያው ባላገር ቤት የሚሠራው በደቦ ነበር። ባለቤቱ ባሕር ዛፉን ቆርጦ፥ ሣሩን አጭዶ ወይም ቆርቆሮውን ገዝቶ ይጠብቃል፤ አናጢው መሐል ላይ ቆሞ «ምሰሶው እዚህ ይቁም፥ በሩ ወዲህ ይዙር» ይላል፤ ጠላው ይጠመቃል፥ ጭቃው ይመረጋል፥ ቤት ይሆናል። የአናጢው ዕውቀት ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለት አያውቅም፤ ከእጁ ሥራ ጋር አብሮ ነበር የሚከፈለው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወጣት ጥቂት ወረቀት ይዞ መጥቶ የበሬ ዋጋ ሲጠይቅ «ለወረቀት ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» ብንል አይፈረድብንም። ሙያውም ቢሆን በትምህርት ቤት መሰጠት ከጀመረ ብዙ ዘመን የለውም፤ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው።

«ፕላን» ስንል አንድ ነገር ይመስለናል እንጂ ውስጡ ሲታይ ብዙ ሥራ ነው። አርክቴክቱ ክፍሎቹን ይደለድላል፤ ማድ ቤቱ በየት እንደሚሆን፥ ፀሐይ በየት እንደምትገባ፥ የክረምቱ ውሃ በየት እንደሚወርድ ይነድፋል። የመሠረቱን ጥልቀት፥ የኮለኑንና የቢሙን ውፍረት፥ የፌሮውን ብዛት የሚያሰላው ግን ሌላ ባለሙያ ነው፤ ይህ ስትራክቸር የሚባለው ነው። እኛ ሁሉንም «መሐንዲስ» ብለን እንጠራቸዋለን እንጂ ሙያቸው የተለያየ ነው። ከዚያ የመብራት መስመርና የውሃ ቧንቧ ሥዕል አለ። በመጨረሻም ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፥ ስንት ብሎኬት፥ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገባ የሚዘረዝር ግምት አለ። አንዱ ነዳፊ ዋጋ ሲጠራ ይህን ሁሉ ይዞ ነው፤ ሌላው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ነው። እኛ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ርካሹን እንመርጣለን።

ከመካከላችን ባንዲት እናት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ፈቅደውልን ነው የምንናገረው፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከላቸው ገንዘብ ከተማ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ለመሥራት አስበው፥ ከሌላው በግማሽ ዋጋ የሚነድፍ ሰው አገኙና በቃል ተስማምተው ሙሉውን ከፈሉ። ለግንባታ ፈቃድ ሲቀርቡ ስትራክቸሩ የለም ተባለ። ወደ ሰውየው ቢመለሱ «የተዋዋልነው ለአርክቴክቸሩ ነው» አላቸው። በውል የተጻፈ ነገር ስለሌለ ክርክሩ የትም አልደረሰም። ለመሠረት ድንጋይ ያስቀመጡት ገንዘብ ለሁለተኛው ባለሙያ ሄደ፤ ቦታው ዛሬም ታጥሮ ተቀምጧል። ልጅቱ እዚያ የሰው ቤት እየጠረገች የላከችው ገንዘብ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያንገበግባል።

የአከፋፈሉ ዓይነት ሦስት ነው። አንደኛው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ሥራው በሙሉ ተዘርዝሮ ከተጻፈ ለእኛ ለባላገሮቹ የሚቀለው ይህ ይመስለናል። ሁለተኛው በካሬ ሜትር ነው። እዚህ ላይ በረንዳው ይቆጠራል ወይ፥ ፎቁ ለብቻው ይቆጠራል ወይ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ 80 ካሬ መሬት ላይ ያረፈ ባለ አንድ ፎቅ ቤት 160 ካሬ ሆኖ ይታሰባልና።

ሦስተኛው በመቶኛ ነው፤ ቤቱ ከሚፈጀው ገንዘብ ላይ በመቶ ይህን ያህል ማለት ነው። ለሂሳብ ያህል እንያዝ እንጂ የገበያ ዋጋ ነው ብላችሁ እንዳትይዙት፤ ቤቱ 3 ሚሊዮን ብር ይፈጃል ቢባልና በመቶ 4 ብንስማማ 120 ሺህ ብር ነው። ሲሚንቶና ፌሮ ተወዶ ቤቱ 4 ሚሊዮን ቢደርስ የነዳፊው ድርሻ 160 ሺህ ይሆናል፤ አንዲት መሥመር ሳይጨምር። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለሚዋዋል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መቶኛውን የምንቀበል ከሆነ ሂሳቡ በየትኛው ግምት፥ በየትኛው ቀን ግምት እንደሚሠራ ይጻፍ።

«መንግሥት ለምን ዋጋውን አይቆርጥልንም?» ያሉን አሉ። ሌላው ዓለም ሞክሮታል። በእንግሊዝ አገር የአርክቴክቶች ማኅበር የወሰነው ዋጋ ግዴታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1982 ቀረ፤ በአሜሪካ በ1972 ማኅበሩ አባላቱን በዋጋ እንዳይወዳደሩ ማገዱ ውድድርን ያፍናል ተብሎ ተከልክሏል፤ በጀርመን የነበረውን የግዴታ ወለልና ጣሪያም የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2019 ሕገ ወጥ ብሎታል። ስለዚህ ዋጋው የሚቆረጠው በሁለት ሰው ስምምነት ነው፤ መጠንቀቁ የኛ ፈንታ ነው።

አከፋፈሉን በተመለከተ ከአሜሪካኖቹ ልማድ አንድ የሚጠቅም ነገር አግኝተናል። እነሱ ክፍያውን ሲከፋፍሉ ለመጀመሪያው ንድፍ ከመቶ 15፥ ንድፉን ለማዳበር 20፥ ለግንበኛው ለሚሰጠው ዝርዝር ሥዕል 40፥ ለጨረታ 5፥ ሥራው ሲሠራ ለመከታተል 20 ያህል ይመድባሉ። ትልቁ ድርሻ ለዝርዝሩ ሥዕል ነው። እኛ ግን ባለቀለሟን የቤት ሥዕል ባየን ቀን ደስ ብሎን ሁሉንም እናስረክባለን!

ደግሞ የጎረቤትን ፕላን ኮፒ አድርጎ መሥራት አለ። ለጎረቤት ቀይ አፈር የተሰላ መሠረት ዋልካ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ዋልካ ያረሰ ሰው ያውቃል፤ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮት። ሌላው የነደፈውን ሳያይ ማኅተሙን የሚያሳርፍ ባለፈቃድም አለ ይባላል፤ እንዲህ ያለው ማኅተም ቤቱ ሲሰነጠቅ አይደግፈውም።

ሕጉም ሁሉንም ቤት እኩል አያይም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር፤ ሁለት ፎቅ ያልደረሰ የግል መኖሪያ ቤት በዝቅተኛው ምድብ ሲያርፍ፥ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝመው ከፍተኛው ውስጥ ይገባ ነበር። የሚጠየቀው ሰነድ በምድቡ ይለያያልና ነዳፊ ዘንድ ከመሄድ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ «ለኔ ቤት የምትፈልጉት ምን ምን ነው?» ማለት ነው። ዝርዝሩን በወረቀት ተቀብሎ፥ ያንኑ ወረቀት ነዳፊው ፊት አስቀምጦ ዋጋ መጠየቅ።

እንግዲህ ኮሚቴው የወሰነው እንዲህ ነው። ውል ለመፈረም ያሰበ አባል፥ በተለይም ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች፥ ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን ለዕድሩ ጸሐፊ ያምጡ፤ ጮክ ብሎ ይነበብላቸዋል። የትኞቹ ሥራዎች እንደተካተቱ፥ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሆነ፥ ማዘጋጃ ቤት «ይስተካከል» ቢል በማን ወጪ እንደሚስተካከል፥ ሥራው ሲጀመር ነዳፊው ስንት ጊዜ መጥቶ እንደሚያይ ከሌለበት እንዲጨመር ይነገራቸዋል። ለዚህ የሚከፈል የለም። ጸሐፊው እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዕድሩ ዕቃ ቤት ይገኛል፤ ቀብድ የከፈላችሁም ብትሆኑ አምጡት።