ሁሉን በቃሉ የያዘው ሰው



የምነግራችሁ፤ ለንደን በሚኖሩት አጎቴ ቤት እንግዳ ሆኜ ሳለሁ፤ አንድ ማታ በቴአትር ቤት ስላየሁት የሰላዮች ጨዋታ ነው።

ስሙ «ሠላሳ ዘጠኙ ደረጃዎች» ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ጆን ባከን የሚባል የስኮትላንድ ሰው በልብ ወለድ ጻፈው፤ በ1935 አልፍሬድ ሂችኮክ ሲኒማ አደረገው። ፓትሪክ ባርሎው ደግሞ ለመድረክ አዘጋጅቶት በ2005 በሊድስ ከተማ ታየ፤ ለንደን በሚገኘው በክራይቴሪየን ቴአትርም ከ2006 እስከ 2015 ቆየ።

የሚያስደንቀው፤ አራት ተጫዋቾች ብቻ ሆነው ከመቶ በላይ ሰዎችን መስለው መታየታቸው ነው። አንዱ ባርኔጣውን በለወጠ ቁጥር አንድ ጊዜ ፖሊስ፤ አንድ ጊዜ ነጋዴ ይሆናል። ባቡር የለም፤ ነገር ግን ሣጥን ላይ ተቀምጠው በአንድነት ሲወዛወዙ ባቡር የሚሄድ ይመስላል። ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሪቻርድ ሃኔይ ባልገደላት ሴት ነፍስ ተጠርጥሮ ይሸሻል። ሰላዮቹ ድምፅ የማያሰማ የአውሮፕላን ሞተር ምስጢር ሰርቀዋል፤ ነገር ግን በእጃቸው አንድ ወረቀት እንኳ የለም። ምስጢሩን የደበቁት፤ ሁሉን ነገር በቃሉ እየያዘ በመድረክ ላይ በሚያሳይ «ሚስተር ሜሞሪ» በሚባል ሰው ራስ ውስጥ ነው። በመጨረሻ ሃኔይ በሕዝብ ፊት ጠየቀው። ሰውዬውም የተጠየቀውን ሳይመልስ መቅረት አልሆንልህ ስላለው መናገር ጀመረ፤ ወዲያውም በጥይት ተመታ።

ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። እኔም ለፈተና ብዬ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ሸምድጄ ነበርና። መምህራችን አንድ ቀን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ቢጠይቁኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ቀርቻለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው፤ «ልጄ፤ ያ ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ ሸክሙ የማን እንደ ሆነ አለመጠየቁ ነው የጎዳው» አሉኝ።

በቃል ማጥናትን አልነቅፍም። አያቶቻችን ዳዊትን የያዙት በቃላቸው ነው። የቅኔ ተማሪ ግን የሌላውን ከያዘ በኋላ የራሱን ይቀኛል፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ይፈልጋል። ሳይመረመር የተያዘ ዕውቀት ግን ለመጣው ጌታ ሁሉ ያድራል።

ስለዚህ፤ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ደብተራችንን ስንዘጋ «ምን አልሁ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን አልሁ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። እኔም ከፈተናው በፊት በቀሩኝ ሳምንታት ይህን ለማድረግ በፊታችሁ ቃል እገባለሁ።