ከሥራ ርቆ ስለ ቆየ ሰው



በሕመም፥ በልጅ አስተዳደግ፥ በስደት ወይም በድርጅት መዘጋት ምክንያት ለብዙ ዘመን ከሥራ ርቆ የቆየ ሰው በሚመለስበት ጊዜ፥ እርሱም እኛም ምን ማድረግ እንደሚገባን በዛሬው ንግግሬ ላስታውሳችሁ እወዳለሁ።

በኢምፔሪያል አካባቢ የሚኖር ሠራተኛ፥ ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገሠግሥ፥ ከቦሌ የሚነሡትን አውሮፕላኖች ድምፅ ይሰማል። የእነዚያ አውሮፕላኖች አብራሪዎች ለጉዳያችን መልካም ትምህርት ይሰጡናል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሥርዓት አንድ አብራሪ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ አስነሥቶ 3 ጊዜ ካላሳረፈ፥ የቱንም ያህል ዘመን ያገለገለ ቢሆን፥ ልምምዱን ሳያድስ መንገደኛ ይዞ አይበርም። ይህንንም በሲሙሌተር ሊያድስ ይችላል። ስለዚህ ነገር ማንም ሰነፍ አይለውም፤ እርሱም አያፍርም። እጅ ከሥራ ሲርቅ እንደሚፈዝ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃልና።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የ157 ሰዎች ሕይወት በጠፋበት አደጋ ምክንያት፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖቹን ከበረራ አገደ። ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ ሥራ የመለሳቸው አውሮፕላኑ ተሻሽሎ ከተመረመረ፥ አብራሪዎቹም እንደገና ከሠለጠኑ በኋላ ነበር። በመጀመሪያው በረራ የድርጅቱ ኃላፊዎች ራሳቸው ከእንግዶች ጋር ተሳፈሩ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ ልምምድ ይቀድማል፤ እምነትም በቃል ብቻ ሳይሆን አብሮ በመሳፈር ይገለጻል።

በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በአይቤክስ ሒሳብ ትሠራ የነበረች ሴት ልጆቿን አሳድጋ ስትመለስ ኢፍሚስን ታገኛለች። መመሪያው ተለውጧል፤ የምታውቃቸው ባልደረቦች ተዛውረዋል። በመጀመሪያው ቀን ፋይል ይቆለልባታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ስሕተት ሲገኝ ግን «ሥራውን ረስታዋለች» ትባላለች። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ። እርሷም እንዳትታማ ፈርታ ከመጠየቅ ዝም ማለትን ትመርጣለች፤ ከዝምታውም ሌላ ስሕተት ይወለዳል። እንዲህ ያለው ሰው ሥራውን ጥሎ ቢሄድ፥ ያባረረው ሐፍረት እንጂ የችሎታ ማነስ አይደለም። የሚጎድለው ግን የልጆቹ እንጀራ ነው።

ከሥራ የራቀ ዘመን ሁሉ ደግሞ የባከነ ዘመን አይደለም። ከጦርነቱ በፊት መምህር የነበሩት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ፥ በ1929 ዓ.ም. ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ በዚያም ወደ ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ቆዩ። ከተመለሱ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰማርተው በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ፤ በዋሽንግተንም አገለገሉ፤ ከዚያም እስከ ሚኒስትርነት ደረሱ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ያን የግዞት ዘመን አይቶ «ይህ ሰው ከሥራ ርቋል» ብሎ የመለሳቸው ቢኖር ኖሮ፥ የሚጎዳው እርሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አገርም በሆነች ነበር።

እንግዲህ አለቃ የሆነ ሰው ለተመላሹ የተለወጠውን መመሪያ ያስነብበው፤ የሚጠይቀው አንድ ባልደረባ ይመድብለት፤ የመጀመሪያውንም ሥራ አብሮት ይሥራ። ቀጣሪው «ለምን ቆየህ?» ከማለቱ በፊት «ምን ትችላለህ?» ይበል። ተመላሹም ያላወቀውን አይሸሽግ። ሺህ ጊዜ የበረረ አብራሪ ተመልሶ ልምምድ ክፍል ሲገባ ካላፈረ፥ እኛ ከወጣት ባልደረባ አጠገብ ተቀምጠን ለመማር የምናፍርበት ምክንያት የለም።