«ሙሉ» እና «ዘላቂ»፦ የቀድሞ ወታደሮች የጉዳት መብት በአሜሪካ ሕግ



የዛሬው ንግግሬ መነሻ አንድ ደብዳቤ ነው። በአሜሪካ ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ በአንድ ነጻ የሕግ ምክር ክፍል አገለግል ነበር። በአገራችን ተወልደው በአሜሪካ ጦር ውስጥ ኢራቅ የዘመቱ አንድ አባት ደብዳቤውን ይዘው መጡ። እንግሊዝኛው አላስቸገራቸውም፤ ያስቸገራቸው የሕጉ ቋንቋ ነበር። «ወንድሜ፣ ጉዳቴ መቶ በመቶ ነው ይላል፤ ታዲያ ስለ ልጄ ትምህርት አንዳች ያላለው ለምንድን ነው?» አሉኝ። ልጃቸው በዚያው ዓመት ኮሌጅ ልትገባ ነበር።

በዚያ አገር ሕግ «ሙሉ» ጉዳትና «ዘላቂ» ጉዳት አንድ አይደሉም። ሙሉነት የጉዳቱን የዛሬ መጠን ይለካል። ዘላቂነት ግን ጉዳቱ ዕድሜ ልክ እንደሚቀጥል በምክንያታዊ እርግጠኝነት ሲታመን የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ወርኀዊው ክፍያ በዚህ አይጨምርም። የሚለወጠው የቤተሰቡ ዕጣ ነው፤ ሁለቱ ሲጣመሩ የትዳር ጓደኛና ልጆች የትምህርት ድጎማ፣ ሌላ የወታደር ቤተሰብ ሽፋን ከሌላቸውም የሕክምና ወጪ ሽፋን የማግኘት መብት ይከፈትላቸዋል።

ሁለት እጁን፣ ሁለት እግሩን ወይም የሁለት ዐይኑን ብርሃን ለዘለቄታው ያጣ ሰው ብዙ መከራከር አያሻውም፤ ደንቡ ራሱ ጉዳቱን ዘላቂና ሙሉ ይለዋል። የእኚህ አባት ጉዳት ግን ከጦርነት ሰቀቀን የመነጨ የአእምሮ ሕመም ነበር። «ሊሻላቸው ይችላል» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ተስፋ ነው፤ በመዝገብ ላይ ሲሰፍር እንቅፋት ይሆናል። ሕግ ዐይን የሚያየውን ቁስል ለማመን ይቀናዋል ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይጠየቅም? ዘላቂነትን መጠየቅ መዝገቡን ዳግም ማስከፈት ሊሆን ስለሚችል ነው። መጠኑ እንዲቀነስ ሐሳብ ከቀረበ ባለጉዳዩ ማስረጃ ለማቅረብ 60 ቀን፣ ቃሉ እንዲሰማለት ለመጠየቅ 30 ቀን አለው። ጊዜ ራሱ ጥበቃ ይሰጣል፤ 5 ዓመት የጸና መጠን ካለፈው ባነሰ ጥንቃቄ በተደረገ አንድ ምርመራ አይቀነስም፤ 20 ዓመት ያለማቋረጥ የጸናም ማጭበርበር ካልተገኘ በቀር ዝቅ አይልም። ከ55 ዓመት በላይ የሆነ ሰውም ከልዩ ሁኔታ በስተቀር ለተደጋጋሚ ምርመራ አይጠራም። እኚህ አባት 47 ዓመታቸው ነበር፤ ውሳኔው ከተሰጣቸው ገና 4 ዓመቱ። አንድ ዓመት መታገሥ ለእርሳቸው ይሻል ነበር፤ ለልጃቸው ግን አይሻልም።

ለመጠየቅ ወሰኑ። የሚያክሟቸው ሐኪም «ታማሚ ናቸው» ብቻ ብለው እንዳይጽፉ ለመንን። የተሞከሩት ሕክምናዎች፣ የተገኘው ውጤትና ወደፊት መሻሻል የማይጠበቅበት ምክንያት በዝርዝር እንዲሰፍር ጠየቅን፤ ደብዳቤው ሦስት ገጽ ሆነ።

ውሳኔው ሲደርስ ልጅቷ የመጀመሪያውን ዓመት በብድር ልታጠናቅቅ ተቃርባ ነበር። እርሳቸው ስለ ራሳቸው የተጻፈውን አልፈው፣ ስለ ትምህርት ድጎማ የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።